ባሌስትራ ከመደረብዎ በፊት ሻንሲውን ይመልከቱ

እህል፣ ሲሚንቶና ብሎኬት በሚያመላልሱ አይሱዙ መኪኖች ላይ ፋብሪካው ያልገጠመው ተጨማሪ ባሌስትራ ተደርቦ ማየት የተለመደ ነው። ባለንብረቱ ጭነት መጨመር ይፈልጋል፤ ጋራዡ ይደርባል፤ የመኪናው ኋላ ቀና ሲል ሁሉም የጠነከረ ይመስለዋል። የጠነከረው ግን ባሌስትራው ብቻ ነው። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ፍሬኑና ጎማው ትናንት የነበሩት ናቸው። እንዲያውም ሻንሲው የባሰ ይጎዳል፤ ባሌስትራው እየተለጠጠ ያበርድለት የነበረውን የጉድጓድ ምት አሁን ራሱ ይቀበለዋል።

ክብደቱ የሚወርድበት መንገድ

ጭነቱ ከካሶኒው ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ባሌስትራው፣ ከዚያም በአክስሉ በኩል ወደ ጎማው ይወርዳል። የጭነት መኪና ሻንሲ እንደ መሰላል ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች ተያይዘዋል። ቪትዝና ኮሮላን በመሳሰሉ የቤት መኪኖች ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። በእነዚህ መኪኖች ወለሉና የጎኑ ብረት በዝገት ከተበላ መኪናው አቅሙን አጥቷል ማለት ነው።

ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፤ ሲዘረጋም ይረዝማል። አንዱ ጫፉ በፔርኖ ተተክሎ ሌላኛው በሚወዛወዝ ማያያዣ የተያዘው ለዚህ ነው። ማያያዣው ግሪስ አጥቶ ከደረቀ ባሌስትራው እንደ ልቡ መዘርጋት አይችልም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ናቸው። እነሱ ከላሉ ኃይሉ በሙሉ በመሃል ብሎኑ ላይ ይወድቅና ይቆርጠዋል፤ አክስሉም ከቦታው ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ኋላውን ወደ ጎን አውጥቶ ይሄዳል።

አሞርቲዛተር ክብደት አይሸከምም። ሥራው በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የባሌስትራውን ወይም የሞላውን መዝለል ማብረድ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ መኪና አሞርቲዛተር ስለተቀየረለት ከፍ አይልም።

ጠዋት ከመነሳት በፊት

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙና ከኋላ ሆነው ይመልከቱት። አንዱ ጎን ካዘነበለ በዚያ በኩል ባሌስትራው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጥሎ በባትሪ መብራት ባሌስትራዎቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ስብራት የሚበዛው በመሃል ብሎኑ አካባቢ ነው። በዩ ብሎኖቹ ሥር ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም የተፋተገና የሚያብረቀርቅ ብረት ካዩ ብሎኑ ላልቷል። አሞርቲዛተሩ በዘይት ከራሰ አልቋል። በቤት መኪና ላይ ደግሞ ጥጉን በእጅ ተጭነው ይልቀቁት፤ ደጋግሞ ከዘለለ አሞርቲዛተሩ አይሠራም። ጎማውንም በመዳፍዎ ይዳስሱት። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ብሎ ከተበላ የአሞርቲዛተር፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ የአላይመንት ወይም የቴስቲኒ ችግር ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ብዙ ወገኖቻችን የጭነት መኪና ለመንዳት የሚያጠኑት የሲዲኤል መመሪያ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። በአንድ ወገን ካሉት ባሌስትራዎች ሩቡ ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ መኪናው ከመንገድ ይወጣል። ስምንት ካሉት ሁለቱ ማለት ነው። ዋናው (1ኛው) ባሌስትራ ከተሰበረ ግን ቁጥር መቁጠር አያስፈልግም። አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ጫፎች የእሱ ስለሆኑ መኪናው ባለበት ይቁም።

በክሪክ ሲነሳ

መሬት በሚነኩት ጎማዎች ሥር ታኮ ያድርጉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ያስገቡ። የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት። ከተንቀሳቀሰ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የጎማውን መዞሪያ የያዙትን መገጣጠሚያዎች ይመርምሩ። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲያነቃንቁት የሚንኳኳ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው የመሪ ቴስቲኒውን ይጠርጥሩ።

ሻንሲው ሲመረመር

ጭቃው ታጥቦ ካልወረደ የሻንሲ ስንጥቅ አይታይም። ስንጥቅ የሚጀምረው በብሎን ቀዳዳዎች፣ በባሌስትራ መያዣዎች፣ በአግዳሚ መገጣጠሚያዎችና በቀድሞ ብየዳ ጫፍ ላይ ነው። ቀለሙ በቀጭኑ ተሰንጥቆ የዝገት መስመር ከወጣበት በብረት ብሩሽ ፍቀው ይመልከቱት። መጣመሙን ለማወቅ ቱንቢና ሜትር ይበቃሉ። ከሻንሲው ግራና ቀኝ ፊትና ኋላ ካሉ ተመሳሳይ ነጥቦች ቱንቢ አውርደው ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ማዕዘን ለማዕዘን ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ሸሽቷል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀትም በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት።

ጥገናው

ስንጥቅ ላይ ቁራጭ ብረት ለጥፎ መበየድ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ስብራቱ በልጣፊው ጠርዝ ይቀጥላል። ብዙ ከባድ መኪኖች በሙቀት የጠነከረ ሻንሲ ስላላቸው ብየዳ ያዳክማቸዋል። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው፤ ብየዳ ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ሽቦ ይነቀል። የተፈታ ዩ ብሎን መልሰው አይጠቀሙበት። አዲሱን ካሰሩ በኋላ መኪናው ጭነት ይዞ ጥቂት ሲሠራ እንደገና ያጥብቁት። ባሌስትራንም አሞርቲዛተርንም በአንድ አክስል ላይ በጥንድ ይቀይሩ።

አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመረመር ያዝዛል፤ ቦሎ ግን መኪናው በምርመራው ዕለት የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ነው የሚመሰክረው። ባለንብረቶች ሆይ፣ ሾፌሩ «ሻንሲው ተሰንጥቋል» ብሎ መኪናውን ሲያቆም አትቆጡት፤ የዕለት ገቢውንም አትቁረጡበት። የእሱን፣ የረዳቱንና የመንገደኛውን ሕይወት እየጠበቀ ነው፤ ንብረታችሁንም አብሮ።