የሩት ሥልጣን ወሰን፦ ስለ ዩዘር ኔምስፔስ የተሰጠ ትምህርት

ይህ ትምህርት ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ፣ ኮንቴይነር ለሚያስኬዱና ሙያውን ገና ለሚማሩ ነው። ዓላማው በሊኑክስ ላይ ሩት የሚባለው ተጠቃሚ ሥልጣኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ማስረዳት ነው። መሠረቱን አስቀድመን እንያዝ፦ ሩትነት ሁልጊዜ የአንድ ክልል ሩትነት ነው። ክልሉ ካልታወቀ የሥልጣኑም መጠን አይታወቅም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

1. የመለያ ቁጥር

ወደ ማሽኑ ስንገባ ስማችንን እንጽፋለን፤ ከርነሉ ግን ስም አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የሩት ቁጥር 0 ነው። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች የመጀመሪያው ተራ ተጠቃሚ 1000 ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ቁጥር ይዞ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ፋይልም የባለቤቱ ቁጥር ዲስክ ላይ ተጽፎበታል። ፕሮሰሱ ፋይሉን ልክፈት ሲል ከርነሉ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።

በቀድሞው አሠራር 0 በመላው ማሽን ላይ አንድ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ እንደ ሩት የሚሠራ ፕሮግራም ከታጠረበት ሾልኮ ከወጣ፣ በውጭም የሚያገኘው ያንኑ 0 ነውና የማሽኑ ሁሉ ጌታ ይሆናል።

2. ኔምስፔሱ የሚያመጣው ለውጥ

የመለያ ቁጥሮችን በየክልሉ ለይቶ በመያዝ ይህን ችግር የሚፈታው ዩዘር ኔምስፔስ በከርነል 2.6.23 በ2007 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በዋናነት በኤሪክ ቢደርማን ሥራ ተሟልቶ ተራ ተጠቃሚ ያለ ማንም ፈቃድ ሊከፍተው የቻለው ግን በ2013 በወጣው ከርነል 3.8 ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር 120 ብላችሁ ብትጠይቁ «የየትኛው ወረዳ?» ትባላላችሁ፤ ቁጥሩ በየወረዳው ይደገማልና። ዩዘር ኔምስፔስም ለመለያ ቁጥር ያደረገው ይህንኑ ነው። አንዱ ፕሮሰስ በውስጥ 0፣ በውጭ 1000 ሊሆን ይችላል። ከርነሉ በልቡ የሚይዘው የውጭውን፣ የማሽኑን ቁጥር ነው፤ ለጠያቂው ግን እንደየኔምስፔሱ ተርጉሞ ይመልስለታል።

3. የትርጉም ሠንጠረዥ

ትርጉሙ ዩአይዲ ማፕ በሚባል ፋይል ላይ ይጻፋል። እያንዳንዱ መስመር ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ በውስጥ የሚጀምርበት፣ በውጭ የሚጀምርበትና ርዝመቱ። ተራ ተጠቃሚ ፖድማን በተባለው መሣሪያ ኮንቴይነር ሲያስነሣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

0 1000 1
1 100000 65536

የመጀመሪያው መስመር «የውስጡ 0 የውጩ 1000 ነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ» ይላል። ሁለተኛው «ከውስጡ 1 ጀምሮ ያሉት 65536 ቁጥሮች በውጭ ከ100000 ጀምረው ይቆጠሩ» ይላል። አሁን አብረን እናስላ። በዴቢያን የዌብ ሰርቨር ተጠቃሚ ቁጥሩ 33 ነው። 33 ከ1 በ32 ይርቃል፤ ስለዚህ በውጭ 100032 ይሆናል። ዌብ ሰርቨሩ በኮንቴይነሩ ውስጥ የጻፈው ፋይል በውጭ ሲታይ ባለቤቱ 100032 ነው። ይህን ስሌት የያዘ ሰው «ይህ እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ አይደነግጥም።

4. ሠንጠረዡን የመጻፍ መብት

ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ቢችል ኖሮ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሠንጠረዡ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይሻሻልም። ተራ ተጠቃሚ በራሱ መጻፍ የሚችለው የራሱን አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለገ ኒውዩአይዲማፕ የተባለው ባለ ልዩ መብት ፕሮግራም ሰብዩአይዲ የሚባለውን መዝገብ አይቶ ይጽፍለታል። አስተዳዳሪው በዚያ መዝገብ ለአንዱ ተጠቃሚ ከ100000 ጀምሮ 65536 ቁጥሮች ከሰጠ፣ የቀጣዩ ድርሻ ከ165536 ይጀምር። ድርሻዎቹ ከተደራረቡ የአንዱ ኮንቴይነር የሌላውን ፋይል እንደ ራሱ ያያል።

የቡድን ቁጥር ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። አንድ ፋይል «ሌላው ሁሉ ያንብብ፣ የዚህ ቡድን አባላት ግን አያንብቡ» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። አባሉ ኔምስፔስ ከፍቶ ከቡድኑ ራሱን ቢሰርዝ ክልከላውን ያመልጣል። ይህ ቀዳዳ በከርነል 3.19 ተደፈነ፦ ተራ ተጠቃሚ የቡድን ሠንጠረዥ ከመጻፉ በፊት ሴትግሩፕስ በሚባለው ፋይል ላይ ቡድን የመቀየርን መብት መዝጋት አለበት።

5. በሠንጠረዡ ያልተጻፈ ቁጥር

በሠንጠረዡ ላይ የሌለ ቁጥር ያለው ፋይል ከውስጥ ሲታይ ባለቤቱ 65534 ሆኖ ይታያል፤ ስሙም ኖባዲ ነው። አስተውሉ፤ ዲስኩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ከርነሉ የሚለው «ይህ ቁጥር በእናንተ ዘንድ ትርጉም የለውም» ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ፋይሎቻችሁ ሁሉ የኖባዲ ሆነው ካገኛችኋቸው ፋይሉን ለመጠገን አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያ ሠንጠረዡን አንብቡ።

6. የሥልጣኑ ድንበር

ይህን በራሳችሁ ማሽን ፈትኑ። አንሼር የተባለውን ትእዛዝ ራሳችሁን ወደ ሩት ከሚተረጉመው አማራጭ ጋር አስነሡ። ማንነታችሁን ስትጠይቁ 0 ይላችኋል። ቴምፕ ማውጫ ውስጥ ፋይል ፍጠሩና በሌላ ተርሚናል ከውጭ እዩት፤ ባለቤቱ የራሳችሁ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1000፣ ነው። ወደ መጀመሪያው ሼል ተመልሳችሁ የይለፍ ቃሎች የተቀመጡበትን የሻዶው ፋይል ለማንበብ ሞክሩ፤ ትከለከላላችሁ። የማሽኑን ሰዓት ለመቀየር ሞክሩ፤ አሁንም ትከለከላላችሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከዩዘር ኔምስፔስ ሌላ የኔትወርክና የአስተናጋጅ ስም ኔምስፔስም አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ባለቤት የሆነ ዩዘር ኔምስፔስ አላቸው። የውስጡ ሩት ሥልጣን የሚሠራው የራሱ ኔምስፔስ በያዘው ላይ ነው። የራሱን ኔትወርክ ኔምስፔስ ከከፈተ በዚያ ውስጥ አድራሻ መስጠትና ፋየርዎል ማቆም ይችላል። ሰዓትና የከርነል ሞጁል ግን የመላው ማሽን ናቸውና ለመጀመሪያው፣ ማሽኑ ሲነሣ ለነበረው ኔምስፔስ ብቻ ይታዘዛሉ። የውስጡ ሩት የሐሰት ሩት አይደለም፤ በእጁ ባለው ላይ በእውነት ያዝዛል፣ በእጁ ባልሆነው ላይ አያዝዝም።

7. ሠንጠረዡ የማይጠብቀው

ዩዘር ኔምስፔስ ያመለጠውን ፕሮግራም የማሽኑን ሩትነት ያሳጣዋል፤ የከርነሉን ስሕተት ግን አያርምም። እንዲያውም ቀድሞ ሩት ብቻ ይደርስበት የነበረውን የከርነል ክፍል፣ ለምሳሌ የፋየርዎሉን፣ ተራ ተጠቃሚም እንዲነካው አድርጓል። በዚያ ክፍል ስሕተት ሲገኝ አደጋው ለሁሉም ይሆናል። ዴቢያን 11ኛው እትም እስኪወጣ ድረስ ዩዘር ኔምስፔስን ለተራ ተጠቃሚ ዘግቶ የቆየው፣ ኡቡንቱም በ24.04 አፕአርመር በተባለው የጥበቃ ሥርዓት የገደበው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለቱን አብራችሁ ያዙ፦ ኮንቴይነሮቻችሁን በዩዘር ኔምስፔስ አስኬዱ፣ ከርነላችሁንም በወቅቱ አድሱ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

አንድ ፕሮግራም «ሩት መሆን አለብኝ» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የየትኛው ኔምስፔስ ሩት? በውጭ ቁጥሩ ስንት ነው? የሚነካው ነገር ባለቤት ማን ነው? የእነዚህን መልስ ሳትይዙ ሥልጣን አትስጡ። መልሱን ከያዛችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የተጠየቀው የማሽኑ ሩትነት ሳይሆን የትንሽ ክልል ሩትነት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያንን ያለ ፍርሃት መስጠት ትችላላችሁ።