የላዳ ካምቢዮ እንዴት ይገጠማል?

አዳዲስ ቃላት፦ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ክሪክ

በአዲስ አበባ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ 18 ማዞሪያ የሚባል ሰፈር አለ። ታክሲና የጭነት መኪና ይበዛበታል። መኪና ባለበት ደግሞ ጋራዥ አይጠፋም። ዛሬ የምንማረው ከጋራዥ ሥራዎች አንዱን ነው።

እንዲህ ብለን እናስብ። አንድ ባለታክሲ በአሮጌ ላዳው ሰው ጭኖ ዳገት ይወጣል። እመሀል ዳገቱ ላይ ሲደርስ መኪናው ጮኸ፤ የገባው ማርሽ በራሱ ጊዜ ወጣ። ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው ግን ወደፊት አይዞርም። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ባለታክሲው ቶሎ ብሎ ፍሬን ረገጠ፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳበ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። በዚያን ቀን ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ላዳው ካልሠራ ለልጆቹ እንጀራ የለም። የተበላሸው ካምቢዮ ወርዶ ሌላ መገጠም አለበት።

ካምቢዮ ምን ይሠራል?

ሸክም ያዘለ ሰው ዳገት ሲወጣ ርምጃውን ያሳጥራል። ሜዳ ሲደርስ ያስረዝመዋል። ጉልበቱ ያው ነው፤ አረማመዱ ግን ይለያል። ካምቢዮም ለመኪና ይህንኑ ያደርጋል። በውስጡ ጥርስ ያላቸው ትንንሽና ትልልቅ ክብ ብረቶች አሉ። ማርሽ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ትንሹ ትልቁን ሲያዞረው ትልቁ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ነገር ግን ጉልበት ያገኛል።

በላዳ 2101 አንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ 3.75 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ 1 ጊዜ ብቻ ይዞራል። እስቲ እናስላው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ዘንጉ 800 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በአራተኛ ማርሽ ግን ሁለቱም እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ አንደኛው ለዳገትና ለመነሻ፣ አራተኛው ለሜዳ ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፍሪሲዮን አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለቱን ያለያያቸዋል፤ ሲለቀቅ ያያይዛቸዋል። ማርሽ የሚቀየረው ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው።

እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ካምቢዮ ማለት መለወጥ፣ ፍሪሲዮን ማለት መፋተግ ነው። ላዳውም ቢሆን ከጣሊያን ጋር ዝምድና አለው። ላዳ 2101 ፊያት 124 ከሚባለው የጣሊያን መኪና ተወስዶ፣ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ነው።

ካምቢዮ ሲገዛ

በመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ያገለገለ ካምቢዮ የሚገዛ ሰው በመልኩ አይታለል። ከፊት የወጣውን ዘንግ በእጁ ያዙረው፤ ቢንጓጓ አይግዛ። ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ይሞክር። ዘይቱንም በጣቱ ነክቶ ይይ። በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ካለ፣ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው።

አገጣጠሙ

1ኛ. መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። የባትሪው ሽቦ ይፈታል። ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይደረግለታል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ክሪክ ሊንሸራተት ይችላል፤ ከተንሸራተተ ሰው ይገድላል።

2ኛ. የካምቢዮው ዘይት ይቀዳል። ሾፌሩ የሚይዘው የማርሽ መቀየሪያ ከውስጥ ይወጣል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይፈታል። እያንዳንዱ ቡሎን ከየት እንደተፈታ በወረቀት ይጻፍ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጉዳት ያመጣልና። መጻፍ የሚችል ሠራተኛ እዚህ ላይ ይጠቀማል።

3ኛ. የላዳ ካምቢዮ ክብደቱ ወደ 27 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሁለት ሆኖ ማውረድ ይሻላል። ከወረደ በኋላ የፍሪሲዮኑ ዲስክና ኩሽኔታው ይታያሉ። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታም ትታይ። የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው። ያረጀው አሁኑኑ ይቀየር። አለዚያ ነገ ለአንዲት ኩሽኔታ ሲባል ሥራው ሁሉ እንደገና ይሠራል።

4ኛ. ዲስኩ ልክ መሀል ላይ መቀመጥ አለበት። ለዚህም አሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ወይም በልኩ የተጠረበ እንጨት በመሀሉ ይከተታል። ከዚያ ቡሎኖቹ ጥቂት በጥቂት፣ ፊት ለፊት እየተለዋወጡ ይጠብቃሉ።

5ኛ. ካምቢዮው ቀጥ ብሎ ይነሣና ወደ ሞተሩ ይገፋል። አልገባ ካለ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ጥርሱ ቦታውን ያገኛል። ብዙ ጀማሪ ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካምቢዮውና ሞተሩ ሳይገጥሙ በቡሎን እየጎተቱ ያጠጋጉታል። እንዲህ ሲደረግ ወይ ዲስኩ ይጣመማል፣ ወይ የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል። በልኩ ያለ ካምቢዮ በእጅ ይገባል። በእጅ ካልገባ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ ቁልፍ አይጨመርበት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ!

6ኛ. ለባለ አራት ማርሹ ካምቢዮ 1.35 ሊትር ዘይት ይሞላል። ከዚያ መቀየሪያው ይመለሳል። ከሥሩ ያሉት ትንንሽ የጎማና የፕላስቲክ ቀለበቶች አርጅተው ከሆነ ይለወጡ። አለዚያ መቀየሪያው ይወዛወዛል፤ ሾፌሩም የትኛው ማርሽ እንደገባ አያውቅም።

ሙከራ

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሁሉም ማርሽ ይሞከር። የኋላ ማርሽ የሚገባው መቀየሪያውን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ቀጥሎ በሜዳ፣ በመጨረሻ በዳገትና በቁልቁለት ይሞከር። ማርሽ የሚተፋ ካምቢዮ በቁልቁለትም አደገኛ ነው። የገባው ማርሽ መኪናውን ስለሚይዘው ፍሬኑን ያግዛልና።

አውቶማቲክ መኪና ላይስ?

በአሜሪካ እንደ ፎርድ ሙስታንግ ያሉ ጉልበተኛ መኪናዎች አሉ። ሙስታንግ መሸጥ የጀመረው በሚያዝያ 1956 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበራቸው። የአሮጌ መኪና ወዳጆች ያንን አውጥተው በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ይገጥማሉ። ሥራው ከላዳው ይበዛል። የፍሪሲዮን ፔዳል ይጨመራል፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በልኩ ይቆረጣል ወይም ይቀየራል፤ ለመቀየሪያው የመኪናው ወለል ይበሳል። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይም ያች ትንሽ ኩሽኔታ ትገባለች። አውቶማቲኩ አያስፈልገውም ነበርና ብዙ ሰው ይረሳታል። ከተረሳች ዘንጉ ይወዛወዛል፤ አዲሱ ካምቢዮም ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

እንግዲህ ላዳም ሆነ ሙስታንግ ሕጉ አንድ ነው። ካምቢዮ የሚገጠመው በልክ እንጂ በጉልበት አይደለም። ሠራተኛው የገጠመውን ካምቢዮ አምኖ ዳገት የሚወጣ ሰው አለና።

ጥያቄዎች

1. ባለታክሲው ዳገት ላይ ምን ደረሰበት?
2. በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ለምን ተከለከለ?
3. ካምቢዮው አልገባ ሲል ምን ይደረጋል? ምንስ አይደረግም?
4. በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ 2.3 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 1 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ 2,300 ጊዜ ቢዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ ይዞራል?
5. በእናንተ ሥራ ውስጥ በጉልበት ሳይሆን በልክ የሚሠራ ነገር ምንድን ነው? በሦስት መስመር ጻፉ።