የቤት ካሜራ እስከ የት ድረስ ማየት ይችላል?

በመኖሪያ ቤት አጥር ላይ ስለሚሰቀል የደህንነት ካሜራ ክርክር ሲነሳ፣ አንደኛው ወገን «ግቢዬ ነው፣ የፈለግሁትን እሰቅላለሁ» ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ «ስለ ካሜራ የወጣ ሕግ ስለሌለ የምከስበት የለኝም» ብሎ እጁን ያጣጥፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ካሜራ» ብሎ ባይጽፍም፣ ሕገ መንግሥቱና ይኸው ሕግ ተጣምረው ሲነበቡ ለጉዳዩ በቂ መልስ ይሰጣሉ። መልሱም ካሜራ መትከል ይቻላል ወይም አይቻልም የሚል አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ካሜራው የት ያያል? ቀረጻውስ የት ይሄዳል? ከመብት ወደ ጥፋት የሚያሻግረው ድንበር ያለው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በመጀመሪያ ካሜራ የሚተክለውን ሰው መብት እናስቀምጥ። ቤትንና ንብረትን መጠበቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተረጋገጠው የንብረት መብት አካል ነው። ባለፉት ዓመታት በጎንደርና በዙሪያዋ እገታና ዝርፊያ የነዋሪውን እንቅልፍ ነስተዋል፤ ከደባርቅና ከዳባት ወደ ከተማ የሚመላለስ ነጋዴም ሆነ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ለሚወስደው ጥንቃቄ ይቅርታ መጠየቅ የለበትም። ሰው ዘበኛ እንደሚቀጥር፣ አጥር እንደሚያጥር ሁሉ በበሩ ላይ ካሜራ ቢሰቅል መብቱ ነው። ጎረቤቱም ካሜራ በመኖሩ ብቻ «ይነሳልኝ» ብሎ መጠየቅ አይችልም።

ችግሩ የሚጀምረው ካሜራው ከባለቤቱ አጥር አልፎ ሲመለከት ነው፤ የጎንደር የመሬት አቀማመጥ ደግሞ ይህን በጣም ቀላል ያደርገዋል። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ስለተሠራች ከላይ ያለው ቤት ጣሪያ ከታች ያለውን ግቢ ቁልቁል ያያል። ላይኛው ቤት ከክፈፉ ሥር የሚሰቅለው ሰፊ ማዕዘን ያለው ካሜራ የራሱን በር ብቻ አያይም፤ የታችኛውን ግቢ የውኃ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ ጓሮ ያለውን ሽንት ቤት በር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጸጉር የሚሠሩትን ሴቶች ጭምር ቀንና ሌሊት ይቀርጻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ የሚገድበው መንግሥትን ብቻ ነው የሚል መከራከሪያ ይቀርባል፤ ነገር ግን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በዜጎች ሁሉ ላይ ጥሏል። በጎረቤታሞች መካከል ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን ማወክም ሆነ መጉዳት እንደሌለበት ይደነግጋል። አንቀጹ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ይጠቅሳል። «የእኔ ካሜራ አይጨስ፣ አይሸት» የሚል ሊኖር ይችላል። በእኔ አረዳድ ግን እነዚህ የክልከላው መገለጫዎች እንጂ ወሰኑ አይደሉም። ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ የሚያሸማቅቅ ዓይን ከጭስ ያነሰ ሁከት ነው ማለት የአንቀጹን ዓላማ መሳት ነው።

ከሕግ ባለሙያዎች የሚሰማው ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ነው። ይህ አንቀጽ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል፤ መቅረጽን ግን በግልጽ አይከለክልም። ስለዚህ «ቀርጬ በቤቴ እስካስቀመጥሁት ድረስ ማን ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ከዚሁ ሕግ አንቀጽ 10 ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በሰብአዊ መብቱ ላይ ሕገ ወጥ ድርጊት የተፈጸመበት ሰው ድርጊቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት አለው፤ ምስሉ እስኪታተም ወይም እስኪሸጥ መጠበቅ የለበትም። አንቀጽ 27 የምስልን ሥርጭት ለብቻው ነጥሎ የከለከለ ልዩ ድንጋጌ ነው እንጂ ከሥርጭት በፊት ያለውን ሁሉ የፈቀደ አይደለም። መንገድ ላይ የሚያልፍን ሰው ለአፍታ መያዝና የአንድን ቤተሰብ የዕለት ኑሮ ለወራት ማጠራቀምም በሕግ ፊት እኩል ሊታዩ አይችሉም።

አዲሱ ሕግም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተወሰነ ሕጋዊ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ግለሰቦች ሙሉ በሙሉ ለግል ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ የሚያደርጉትን አይመለከትም። «እንግዲያው የቤት ካሜራ ነጻ ነው» የሚሉ አሉ፤ ሆኖም «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። ተመሳሳይ ጥያቄ በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በቼክ ሪፐብሊክ መስኮቱ በተደጋጋሚ የተሰበረበት ሰው የሰቀለው ካሜራ የራሱን በር ብቻ ሳይሆን የእግረኛ መንገዱንና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ይቀርጽ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ካሜራው ከቤት ወሰን ወጥቶ የሕዝብ መንገድን ሲቀርጽ ድርጊቱ «ሙሉ በሙሉ የግል» መሆኑ ይቀራል ብሏል። ይህ ውሳኔ የጎንደር ዳኛን አያስገድድም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ስለሚያዝ፣ እንዲህ ያለውን ምክንያት ለፍርድ ቤት ማቅረብ የሚከለክል የለም። ለእንግዳ አልጋ የሚያከራይ፣ በደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ ጎብኚዎችን የሚያሳድር ሰው ግን እዚህ ክርክር ውስጥ መግባትም አይችልም፤ ሥራው ንግድ ስለሆነ አዋጁ ይመለከተዋል።

ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ማይክሮፎን አላቸው፤ ገጣጣሚውም ሳይጠየቅ ከፍቶት ይሄዳል። ሌባን ለመለየት መልኩ ይበቃል፤ የጎረቤት ባልና ሚስት ንግግር ለማንም ደህንነት አይጠቅምም። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ፍርድ ያገኘ የጎረቤታሞች ክርክር ላይ ዳኛዋ በተለይ አጥብቀው የነቀፉት ካሜራው ከቤቱ ርቆ ድምፅ የሚሰበስብ መሆኑን ነበር። ምክሬ አጭር ነው፤ ማይክሮፎኑን ያስዘጉት።

«ሰው እየታገተ ስለ ልብስ ማስጫ ትጨነቃላችሁ?» የሚለው ቁጣ የሚገባ ቁጣ ነው፤ በቀጥታም ሊመለስ ይገባል። ጠባቡና በሩን ብቻ የሚያየው ካሜራ ጎረቤትን የሚያከብር ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም የሚሻል ነው። ግማሽ መንደር የሚያሳይ ምስል ላይ ሰው ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ በበሩ ከፍታ በቅርብ የተተከለው ግን ፊትን ይለያል። ለማስረጃነት የሚወስነው ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። መቅረጫው ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ ምስሉ ላይ 02፡10 የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 8፡10 ነው። ተበዳዩ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ቀረጻው 2 ሰዓት ካለ፣ ልዩነቱን አስቀድሞ ያላስረዳ ሰው ለተከሳሽ ጠበቃ በር ይከፍታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባትሪው ያለቀ መቅረጫ ዓመቱን ጭምር አሳስቶ ይነሳል። ዲስኩ ሲሞላም አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ይጻፍበታል፤ ስለዚህ ወንጀል የተፈጸመ ቀን ቀረጻው ወዲያው መገልበጥ አለበት። በአገራችን የማስረጃ ሕግ ራሱን ችሎ በአንድ ኮድ ያልወጣ በመሆኑ፣ ቀረጻው ምን ያህል እንደሚታመን በአብዛኛው የሚወሰነው በዳኛው ምዘና ነው፤ ምዘናው ደግሞ እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ይቆማል።

ቀረጻው የሚሄድበት ቦታ ፖሊስ ጣቢያ እንጂ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ የባለ ምስሉን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህ ልዩ ሁኔታ ግን «ይህ ሌባ ነው፣ አጋሩት» ብሎ ለመለጠፍ ፈቃድ አይሆንም። የተለጠፈው ሰው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ለጣፊው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስም በማጥፋት ሊከሰስ ይችላል። እውነተኛው ሌባ ከሆነም ምስሉን አይቶ ይሰወራል። ፖሊስ ቀረጻ ሲጠይቅ በፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ሲሰጡ የተቀባዩን ፊርማ ይዘው አንድ ግልባጭ ያስቀሩ። ያለ ፈቃድዎ ቤት ገብቶ መቅረጫውን መውሰድ ግን፣ ሕጉ ለይቶ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች በስተቀር፣ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ይጠይቃል።

በአንድ ግቢ አከራይና ተከራይ አብረው በሚኖሩበት ቤትም ሚዛኑ ያው ነው። አከራይ የውጭ በሩን መቅረጽ ይችላል፤ ወደ ተከራዩ ክፍል በር፣ መስኮት ወይም ወደ ጋራው ሽንት ቤት ያዞረው ካሜራ ግን ተከራዩ የተከራየውን ቤት በሰላም የመጠቀም መብቱን ይነካል። ኪራይ ይከፈልበታል እንጂ ከኪራዩ ጋር ገመና አይሸጥም። ስለ ቤት ሠራተኛ ብዙ ሰው ጨርሶ አያስብም። ሳሎን ውስጥ ሕፃን ለመጠበቅ ካሜራ ማድረግ የሚቻል ቢሆንም ሠራተኛዋ ልትነገር ይገባል፤ በምትተኛበትና በምትለብስበት ቦታ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ አብራው የምትኖርን ሠራተኛ ጤንነትና ሞራል የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል።

የጎረቤት ካሜራ ወደ ግቢዎ የሚያይ ከሆነ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ምስሉን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጠቡ ካሜራው በእርግጥ ከሚያየው ሳይሆን ከሚገመተው ይነሳል፤ አብዛኞቹ መቅረጫዎች ደግሞ ከምስሉ የተወሰነውን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ ስላላቸው ነገሩ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። እምቢ ካለ በሽማግሌ፣ ከዚያም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የካሜራውን አቅጣጫ ፎቶ አንስተው የደብዳቤውን ግልባጭ ይያዙ። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ዋናው ጥያቄዎ ገንዘብ አይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሞራል ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ስለወሰነ በካሣ የሚያገኙት ከወጪዎ ሊያንስ ይችላል፤ ይህ ጣሪያ ዛሬም አለመነሳቱ ያሳዝናል። ዳኛውን የሚጠይቁት ካሜራው እንዲዞር ወይም እንዲነሳ፣ የተጠራቀመው ቀረጻ እንዲጠፋ፣ ክርክሩ እስኪያልቅም የዕግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ነው። ካሣ ከጠየቁ ደግሞ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ የሁለት ዓመት ገደብ እንዳለው አይርሱ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ደብዳቤዎን፣ ፎቶዎን እና የሚመሰክሩልዎትን ሰዎች ስም ይዘው ይሂዱ።