የልጆቻችን ልደት በምን ይከበር?

በቡታጅራ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርተ ክርስቶስ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ቀረ። የታመመ መስሎኝ ወደ ቤቱ ጎራ አልሁ። ልጁ ደኅና ነው፤ ከጓሮ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጦ በጭቃ መኪና ይሠራል። እናቱ ቡና አፍልተው ካስተናገዱኝ በኋላ ነገሩን ቀስ ብለው አወጡት። አብሮት የሚማር ልጅ ልደቱን በሆቴል አዳራሽ ሊያከብር ስለሆነ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ የታተመ የጥሪ ካርድ ታድሏል። «ባዶ እጁን እንዴት ይሂድ? ስጦታ ልግዛለት ብል ከየት አምጥቼ? እንደ ምንም ሄደ እንበል፤ ተመልሶ ‹የእኔንስ መቼ ነው የምትደግሺው?› ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ፣ መምህር?» አሉኝ። ልጁ የቀረው ያ ቀን እስኪያልፍና ወሬው እስኪበርድ ድረስ ከጓደኞቹ ፊት ለመሸሽ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ከምእመናንና ከካቴኪስት ባልንጀሮቼ ጋር መነጋገር እንደሚገባ ያሰብሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አንዳንድ አባቶች ልደት ማክበር የፈረንጅ ነገር ነው ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። እውነት አላቸው፤ ኬኩም ሻማውም ከውጭ የመጣ ነው። በልጆች ኬክ ላይ ሻማ ማብራት በጀርመን አገር በ18ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ልማድ ነበር። በየልደቱ የምንሰማው ዜማም እ.ኤ.አ. በ1893 ሁለት አሜሪካውያን እኅትማማቾች ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የጠዋት ሰላምታ እንዲሆን ያሳተሙት ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ መምጣቱ ብቻውን ነገሩን ክፉ አያደርገውም። ይልቅስ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንጠይቅ።

በብሉይ ኪዳን የልደት ድግሱ በግልጽ የተነገረለት የግብፁ ፈርዖን ነው (ዘፍ. 40)፤ በዚያ ቀን የእንጀራ ቤቱ አዛዥ ተሰቀለ። በአዲስ ኪዳን ደግሞ የሄሮድስን ልደት እናነባለን (ማቴ. 14፤ ማር. 6)፤ በዚያ ማዕድ ላይ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት ቀረበ። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው መምህር ኦሪገን ይህን አስተውሎ የልደት ቀንን ማክበር የኃጢአተኞች እንጂ የቅዱሳን ሥራ አይደለም እስከማለት ደርሷል። ነገር ግን ወንጌሉን በጥንቃቄ ካነበብነው ሄሮድስን ያሳተው ቀኑ አይደለም። ንጉሡ ዮሐንስን መግደል አሳዝኖት ነበር፤ ሆኖም ስለ መሐላውና አብረውት በማዕድ ስለተቀመጡት ሰዎች ሲል አዘዘ። በእኛ ቋንቋ ይህ ይሉኝታ ይባላል። የማይፈልገውን ነገር በእንግዶች ፊት ላለማፈር ሲል አደረገ። በዛሬው የልደት ድግስ ቤት ውስጥም ተቀምጦ የሚያዝዘው ይኸው ይሉኝታ እንደ ሆነ ልብ እንበል።

ቤተ ክርስቲያናችን ልደት ማክበርን አልናቀችም። የጌታችንን፣ የእመቤታችንንና የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት በየዓመቱ ታከብራለች። የአዲስ አበባው ካቴድራላችን ራሱ በልደታ ለማርያም ስም የተሠየመ ነው። ግንቦት 1 ቀን ደግሞ በአገራችን እናቶቻችን ልደታን እንዴት እንደሚያከብሩ ሁላችንም እናውቃለን። ከየቤቱ አንድ ጣሳ ስንዴ፣ አንድ ጣሳ ሽምብራ ይዋጣል፤ ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ቡና ይፈላል። ማን አዋጣ፣ ማን አላዋጣም ተብሎ አይቆጠርም፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይዘገናል። እኔ በበኩሌ የአምላክ እናት ልደት በንፍሮ ሲከበር አድጌ፣ የአንድ ሕፃን ልደት ያለ ሆቴል አዳራሽ አይከበርም ሲባል ስሰማ ይደንቀኛል።

እንግዲህ ልደት በእኛ ዘንድ ምን ነበረ? አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ ጎረቤት ሲገባ የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ሰላምታው ለእናቲቱ ነው፤ የምስራቹም ከሞት አፋፍ መመለሷ ነው። ይህ ባዶ ቃል እንዳልሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ካቶሊክ ሆስፒታል ለወሊድ የሚያሰጋቸው እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበትን የማቆያ ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ የነበረው የሆስፒታሉ መዝገብ ሲጠና፣ ከማቆያው ገብተው ከወለዱት እናቶች ከ1000 ልደት 18 ያህሉ ሕፃናት ሞተው ሲወለዱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ያህሉ ሞተው ተወልደዋል። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ በሸክም የደረሱ ነበሩና ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ብቻ ነው አይባልም። የሆነ ሆኖ የአንድ ሕፃን በሕይወት መወለድ በዚህ ምድር ምን ያህል እንደሚያስመሰግን ከዚህ የበለጠ የሚናገር የለም።

በመስቃንም ይህን የሚያስታውስ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራና በአካባቢዋ የጤና ጥናት ሲጀምር፣ በአንድ የከተማ ቀበሌና በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራት ቤት ለቤት እየተዞረ የተወለደውና የሞተው ሁሉ መመዝገብ ጀመረ። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነውና፣ ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን የምናውቀው «በመስቀል ማግሥት»፣ «በርበሬ ሲለቀም» በሚል የእናት ቃል ነው። ዛሬ ልጆቻችን ቀናቸውን አውቀው ማደጋቸው መልካም ነው። (ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ግን ያው አራት ዓመት ይጠብቃል፤ ወላጆቹ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም።)

ወደ ድግሱ እንመለስ። አዳራሽ ይከራያሉ፤ ግድግዳው በፊኛ ይሸፈናል፤ የልጁ ፎቶግራፍ የታተመበት ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ይታዘዛል፤ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ቪዲዮ አንሺ ይመጣል። በአንድ እንዲህ ባለ ድግስ ተጠርቼ ተገኝቻለሁ። ባለ ልደቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ከድምፅ ማጉያው ጩኸት የተነሣ ሲያለቅስ ቆየ፤ ፎቶ አንሺው ዘግይቶ ኬኩ ሳይቆረስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ለሥዕሉ ሲሉ ቀሰቀሱት። ወጪው ለሌላ ጉዳይ ከተጠበቀ ዕቁብ የወጣ እንደ ነበረ በኋላ ከአባቱ ሰማሁ።

የገንዘቡ ብክነት ግን ትንሹ ጉዳት ነው። በአገራችን «ብድር በምድር» ይባላል፤ የተጠራ ይጠራል፣ የተሰጠው ይሰጣል። ይህ በኀዘንና በችግር ጊዜ የሚያኖረን መልካም ባህል ነው። በልጆች ልደት ላይ ሲገባ ግን በሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የዕዳ መዝገብ ይጭናል። ማን ትልቅ ስጦታ አመጣ፣ ማን እርሳስ ብቻ አመጣ ተብሎ በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ይቆጠራል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ድግስ ስትደግስ ብድር የሚመልሱልህን ሳይሆን የሚመልሱት የሌላቸውን ጥራ ሲል ይህንኑ ሰንሰለት መቁረጡ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች የገሠጻቸው በልተው ስለጠገቡ ሳይሆን በማዕዳቸው ምንም የሌላቸውን ስላሳፈሩ ነው (1ቆሮ. 11)።

ድግስ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሲታይ ሌላ መልክ እንዳለው የአገራችን ታሪክም ያሳያል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 80ኛ የልደት በዓል ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ተከበረ፤ ወዲያው የወሎ ረሃብ ተከተለ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ሲሉ፣ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር አጋጥሞ በቴሌቪዥን አሳየ። ያን ያደረጉት ሰዎች ዓላማ የራሳቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ኬኩንና የተራበውን ሕፃን ጎን ለጎን ማየቱን አልረሳም።

ለባለ ጸጎቹም ፍርድ እንስጥ። በልጅነቱ ከመስቃን ወጥቶ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሊስትሮ ሠርቶ፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ በመርካቶ ዞሮ፣ ዛሬ ሀብት ያፈራ አባት «እኔ ያላየሁትን ልጄ ይይ» ይላል። ይህ የፍቅር ቃል ነው፤ ልንነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ይህን አባት ሰው ያደረገው በትንሹ መደሰትና ያለውን ከወንድሞቹ ጋር መካፈል አልነበረምን? ልጁ ያላየው እርሱን ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ (ቁ. 37) ልጆች በቀላልና በቁጥብ ኑሮ እንዲታነጹ፣ ሰው የሚከብረው በሆነው እንጂ ባለው እንዳልሆነ ተረድተው እንዲያድጉ ወላጆችን ያሳስባሉ።

በቤት የሚደረገው ልደት እንዴት ይሁን? ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ይጋገር፤ ንፍሮና ፈንዲሻ ይቅረብ። ይህን የምለው ስለ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። በመስቃን የሙስሊሙ፣ የኦርቶዶክሱ፣ የፕሮቴስታንቱና የእኛ ቤት አጥር ለአጥር የተያያዘ ነው። ሥጋ ከቀረበ እርዱ ይለያያል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ የማይበላ ልጅ አለ። የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ግን ማንንም አይለይም። ሀብታሙ ማዕድ ሳያስበው የሚያስቀረውን ልጅ ድኻው ማዕድ ያስገባዋል።

አያት ካሉ ዳቦውን ባርከው ይቁረሱ። አባት ጻድቁ ኢዮብ በልጆቹ የግብዣ ወራት ማለዳ ተነሥቶ ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት እንዳቀረበ (ኢዮ. 1) የልጁን ስም ጠርቶ ይጸልይ። ልጁ ራሱ ሰሐኑን ይዞ ጓደኞቹን ያስተናግድ። ስጦታ የሚያመጣ ካለ በሰው ፊት አይከፈት፤ «ባዶ እጃችሁን ኑ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ደግሞ የተሻለ ነው። ከሁሉ በላይ እናት የተወለደበትን ቀን ታሪክ ትንገረው። ካቴኪስቶችም ልጆቹ የተጠመቁበትን ቀን ከቁምስናው መዝገብ እንዲፈልጉ እናድርግ፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2006 ዓ.ም. ለምእመናን ይህንኑ የቤት ሥራ ሰጥተው ነበር።

ከላይ የጠቀስሁት ልጅ እናት የልጃቸውን ቀን በትክክል አያውቁም ነበርና ከቁምስናው መዝገብ ፈለግንላቸው፤ ጥቅምት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቀን ዳቦ ጋገሩ፤ ከመንደሩ ዘጠኝ ልጆች መጡ። በሆቴል አዳራሽ ያከበረው ልጅም ከእነርሱ ጋር ነበር። እናቲቱ ምጥ በያዛቸው ሌሊት አራት ጎረቤቶች፣ ሁለቱ ሙስሊሞች፣ በወሳንሳ ተሸክመዋቸው እስከ መኪና መንገድ እንዴት እንዳደረሷቸው፣ ባትሪው መንገድ ላይ እንዴት እንደ ጠፋ ተረኩ። ልጆቹ ንፍሯቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ጸጥ ብለው ሰሙ። ያ ባለ አዳራሹ ልጅ ሲመሽ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ፣ ገና ከበሩ ሳይወጣ «እማዬ፣ እኔ ስወለድስ አንቺን ማን ተሸከመሽ?» ብሎ ጠየቃት።