አባት በፍሎፒ የተወው ጽሑፍ

ደባርቅ፣ ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ ቤት። ጠያቂዋ ዳባት ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቅ አላት።

ልጅ፦ ጋሼ፣ አባቴ ስለ ወገራ የጻፈው ሁሉ እነዚህ ፍሎፒዎች ላይ ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ልጣላቸው?

ጋሼ፦ መጣሉን ተይው፤ መጀመሪያ ለያቸው። ሰፋ ያለውና የሚተጣጠፈው ባለ 5.25 ኢንች ነው፤ ለእሱ አሮጌ ኮምፒውተር ማፈላለግ ግድ ይልሻል። ለጠንካራው፣ ለባለ 3.5 ኢንቹ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ አለ። እስኪ ወደ ብርሃን ያዢው፤ ስንት ቀዳዳ አለው?

ልጅ፦ ሁለት። አንዱ መዝጊያ አለው።

ጋሼ፦ እንግዲያው 1.44 ሜጋባይት የሚይዘው ነው። 720 ኪሎባይቱ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። መዝጊያውን ገፍተሽ ብርሃን እንዲያልፍ አድርጊ፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ብረቷንም ሸርተት አድርገሽ ውስጡን እዪ። የእኛን የክረምት ጉም ታውቂዋለሽ፤ ሻጋታ ያወጣ ዲስክ ማንበቢያውን ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውንም ያበላሻል።

ልጅ፦ አንዱን ከፍቼው ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ወጣብኝ። ተበላሽቶ ነው?

ጋሼ፦ ኧረ አልተበላሸም! ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ ፊደሉን በላቲኑ ቦታ በየራሳቸው ስልት ነበር የሚያስቀምጡት። አባትሽ በየትኛው እንደጻፈ አጣሪና ያንኑ ፎንት ጫኚ፤ አማርኛው ይመጣልሻል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው፤ የመጀመሪያውን ፋይል ግን እንዳትነኪው።

ልጅ፦ ከዚያ ወዲያስ ፍላሽ አይበቃም?

ጋሼ፦ ፍላሽ መመላለሻ ነው። ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ቫይረስ ይለቅማል፤ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። አንዱን ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገሽ ዳባት አስቀምጪ፣ ሌላውን እኔ ዘንድ። ደግሞም አትሚው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

ልጅ፦ ብዙ የሚይዝ አዲስ ዓይነት ቢወጣስ?

ጋሼ፦ በመጠኑ አትታለዪ። ዚፕ ዲስክ 100 ሜጋባይት ይዞ ሲመጣ ፍሎፒን ሰባ ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። ግን ማንበቢያው በየቤቱ አልገባም፤ ፍሎፒው ቆይቶ እሱ ቀድሞ ጠፋ። ማንም ሰው ዘንድ የሚነበበውን ምረጪ፤ እሱም ማርጀት ሲጀምር ሳትዘገዪ አሸጋግሪ። እዚያው ዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል የነዋሪውን ልደትና ሞት መከታተል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የያኔው መዝገብ ዛሬ ካልተነበበ የአሁኑ ከምን ጋር ሊነጻጸር?

ልጅ፦ ፍሎፒዎቹንስ መቼ ልጣል?

ጋሼ፦ እያንዳንዱን ፋይል ከፍተሽ እስክታነቢ ድረስ አይጣሉም። ጀርባቸው ላይ በእጁ የጻፈውንም ፎቶ አንሺው፤ የትኛው ምዕራፍ እንደሚቀድም የሚነግርሽ እሱ ነው።