የስልክ ቁጥር ዝውውር ሲዘገይ፦ የሰንጋ ትርፍ በረት ውስጥ እንዳያልቅ

ለድንበር ተሻጋሪ ከብት ነጋዴ የስልክ ቁጥሩ የሱቅ በር ማለት ነው። ደላላው፣ ገዢው፣ ሾፌሩና የኳራንቲን ባለሙያው የሚያገኙት በዚያው ነው። በሩ ለሁለት ቀን ቢዘጋ ምን ያህል እንደሚያከስር ግን አስቀድሞ የሚያሰላው ጥቂት ነው።

በኬንያ ደንበኞች ቁጥራቸውን ሳይለውጡ የስልክ ድርጅት መቀየር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የሚሠራና በ254 የሚጀምር ቁጥር ያለው ነጋዴ በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ዝውውሩ ግን ድንበር አይሻገርም፤ የ254 ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ድርጅት፣ የ251 ቁጥርም ወደ ኬንያ ድርጅት አይዛወርም።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

1. ከስም። ሲም ካርዱ የተመዘገበው በወንድም ወይም በሠራተኛ ስም ከሆነ ማንነት ሲጣራ ጥያቄው ይቆማል።
2. ከዕዳ። በነባሩ ድርጅት ያልተከፈለ ሒሳብ ዝውውሩን ሊያስቆም ይችላል።
3. ከሌሎች ድርጅቶች መዝገብ። ሁሉም ቁጥሩ የት እንደሄደ እስኪያስተካክሉ ድረስ ከአንዱ መስመር ሲደወል ይገባል፣ ከሌላው አይገባም።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ገንዘቡን ነው። ቁጥሩ ቢዛወርም የሞባይል ገንዘብ ሒሳቡ አብሮት አይሄድም። ከሳፋሪኮም የወጣ ቁጥር ኤም-ፔሳውን ይዞ አይወጣም።

ኪሳራው ሲሰላ

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ከዱብሉቅ ገበያ 20 ሰንጋ ገዝቶ ሞያሌ አድርሷል እንበል። ኬንያዊው ገዢ ደውሎ ስላጣው ሽያጩ 3 ቀን ዘገየ። ለአንድ ሰንጋ ድርቆሽ፣ ውኃና ጠባቂ በቀን 250 ብር ቢፈጅ 15,000 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ 3 ኪሎ ቢቀንስና ኪሎው 200 ብር ቢያወጣ ሌላ 12,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 27,000 ብር ነው። የጤና የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ካለፈ ደግሞ ወጪው በዚህ አያበቃም። እንግዲህ ጥያቄው አዲሱ ድርጅት በጥሪ ዋጋ የሚያተርፈው ከዚህ ይበልጣል ወይ የሚለው ነው።

ከመዛወር በፊት

- ከብት በረት ባለበት ሳምንት ዝውውር አይጀመርም፤ ሽያጩ ተጠናቆ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ይሻላል።
- ሲሙ በራስ ስም መመዝገቡ ይረጋገጣል፤ ዕዳ ካለ ይከፈላል።
- በሞባይል ሒሳቡ ያለው ገንዘብ ወደ ባንክ ይዛወራል ወይም ይወጣል።
- የባንክ ማረጋገጫ መልእክት በዚያው ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ለባንኩ ይነገራል።
- ለገዢና ለደላላ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህም በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በራስ ድምፅ ይሁን። «ቁጥር ቀይሬያለሁ» የሚል መልእክት የአጭበርባሪዎችም ዘዴ ነውና።
- ነባሩ ሲም አገልግሎቱ እስኪቋረጥ ድረስ ከስልኩ አይወጣም።

ዝውውሩ አለቀ ሲባል ከተለያዩ ድርጅቶች መስመር እየደወሉ መሞከር ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሳይጠይቅ ቁጥሩ እየተዛወረ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከደረሰው ግን ሳይውል ሳያድር ለነባሩ ድርጅትና ለባንኩ ያሳውቅ። ያ መዘግየት ሳይሆን የስርቆት ሙከራ ሊሆን ይችላል።