የፎቶግራፍ ክፈፍና የአያቴ ትዕግሥት

በቤታችን ከደረሰው ነገር የተማርሁትን ትንሽ ሒሳብ በዚህ መጽሔት ላካፍልህ እወዳለሁ።

ቤታችን በቡሹሎ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ነው። አምና አክስቴ ከውጭ አገር ስትመጣ አንድ የዲጂታል ፎቶግራፍ ክፈፍ አመጣችልን። መሣሪያው ደብተር ያህል ሆኖ፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫኑትን ሥዕሎች ተራ በተራ እየለዋወጠ ያሳያል። እኔም በችኰላ በቤተ ሰቡ ስልኮች የተገኘውን 2,000 ሥዕል ሁሉ ጫንሁበት። ከእነዚህ መካከል የሟቹ ወንድ አያቴ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ከደበዘዘ ወረቀት ላይ በስልክ ያነሣሁት ነው።

ሴት አያቴ ከአቦል እስከ በረካ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ። ነገር ግን የሠርግ፣ የፍየልና የደብተር ገጽ ሥዕል ሲፈራረቅ ቡናው አለቀ። «እሳቸው የሉበትም እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ተነሡ። እኔም አፈርሁ።

በማግሥቱ እርሳስና ወረቀት ይዤ አሰላሁ። እያንዳንዱ ሥዕል 10 ሴኮንድ ቢቆይ 2,000 × 10 = 20,000 ሴኮንድ ይሆናል። ይኸውም 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው! ስለዚህ 40 ሥዕል ብቻ መረጥሁና ለእያንዳንዱ 15 ሴኮንድ ሰጠሁ። 40 × 15 = 600 ሴኮንድ፣ ማለት 10 ደቂቃ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ ሥዕሉ ራሱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ዲጂታል ሥዕል የብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። በ1968 ዓ.ም. የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የሠራው ዲጂታል ካሜራ ሥዕሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብም 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚነሣው ሥዕል 4,000 በ3,000 ቢሆን 12,000,000 ነጥብ አለው። የእኛ ክፈፍ መስታወት ግን 1,024 በ600፣ ማለት 614,400 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ለክፈፉ አነስ ያለ ግልባጭ ይበቃዋል፤ ዋናውን ሥዕል ግን መቀነስ አይገባም፤ የተጣለ ነጥብ አይመለስምና።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው የሚከተሉትን እመክራለሁ፤

1ኛ/ ሥዕሎቹን 01፣ 02፣ 03 ብለህ ሰይም። 1፣ 2 ብለህ ብትሰይም ብዙ መሣሪያዎች 10ን ከ2 ያስቀድማሉ።

2ኛ/ ሥዕሉ መስታወቱን እንዲሞላ አታስገድድ። የስልኩ ሥዕል ወርዱ 1,024 ሲሆን ቁመቱ 768 ይሆናል፤ መስታወቱ ግን 600 ስለሆነ ከላይና ከታች 84 ነጥብ ይቆረጣል። የወንድ አያቴ ባርኔጣ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር።

3ኛ/ መብራት ቢጠፋም ካርዱ ሥዕሉን ይይዛል፤ ሆኖም ሊሰበር ወይም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ግልባጭ በኮምፒዩተር፣ ሌላውንም በዘመድ ቤት አኑር።

አሁን የወንድ አያቴን ሥዕል ሦስት ቦታ፣ በ01፣ በ14 እና በ27 አስገብቼዋለሁ። ሴት አያቴም ሲኒያቸውን እንደያዙ «ደግሞ መጡ!» ይላሉ።